የጤናዬ የሣር ድርሻ

ጤናዬ ባሏ ሲሞት የቀራት ከሮብ ገበያ በላይ ያለ የገብስ ማሳና አንዲት ልጅ ነው። ከብት አልነበራትም። ማሳዋን የሚያርስላት የባሏ ታላቅ ወንድም ሙላት ነበር። ከቤቷ ጀርባ ያለው ተራራ የወል ግጦሽ ቢባልም የሚጠቀምበት እንደ ሙላት ያለ ባለ ከብት ነው፤ ለእሷ የሚተርፋት ኩበት ብቻ ነበር።

በሁለት ሺህ አንድ ዓ.ም. ቀበሌው ስብሰባ ጠራ። ተራራው ተራቁቶ ክረምት በመጣ ቁጥር ደለሉ ከታች ያለውን ማሳ መዋጥ ጀምሯል፤ ምንጩም ከጥር ወዲያ ይደርቃል። እንግዲህ ተራራው ይከለል፣ ከብት አይግባበት፣ ሣሩ ታጭዶ ለየቤቱ እኩል ይታደል፣ ትርፍ ያለውም ይሽጥ ተባለ።

ሙላት ተነሣ። «ከብት የሌለው ሰው ሣር ምን ያደርግለታል?»

«ይሸጠዋላ፣ ጋሼ» አለች ጤናዬ ከሴቶቹ መካከል። ሰው ሣቀ። ተራራው ግን ተከለለ።

የመጀመሪያው በጋ ከበዳት። ኩበት ስለ ጠፋ የባሕር ዛፍ ቅጠል እየጠረገች አነደደች። አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ የሙላት ከብቶች ከተከለለው ውስጥ ሲግጡ አየች። እሱም አጠገባቸው ቆሟል።

«ጋሼ፣ ያውጧቸው።»

«አውጥቼ ምን ላብላቸው? ደግሞስ ማሳሽን የሚያርስልሽ ማን እንደሆነ ረሳሽው?»

ሲነጋ የተከለለውን ተራራ የሚያስጠብቁት ሽማግሌዎች ዘንድ ሄደች፤ እሱንም አስጠርታ ፊት ለፊት ተናገረች። ተቀጣ። ሰኔ ሲገባ በሬዎቹን በማሳዋ ዳር ነድቶ አለፈ።

ጤናዬ አንሙት የሚባል ጎረቤቷን ለመነችው። «እረስልኝ፣ የዘንድሮውን የሣር ድርሻዬን ውሰድ።»

«ገና ባልበቀለ ሣር?»

«ወጥተህ እየው።»

አንሙት ተራራው ላይ ወጥቶ ሣሩ ማቆጥቆጡን አየ። በማግስቱ በሬዎቹን ጠመደ።

በሦስተኛው ዓመት ሣሩ ወገብ ደረሰ፤ ምንጩም እስከ ሚያዝያ ዘለቀ። ሙላት ከከብቶቹ ገሚሱን ሸጦ ለቀሩት ሣር ፍለጋ ደጇ መጣ። ለሌላው የምትሸጥበትን ዋጋ ስትነግረው ፊቱ ጠቆረ።

«ለእኔም እንዲሁ ነው?»

«ዝምድናችን እንዳለ ነው፣ ጋሼ። ሣሩ ግን ዋጋው አንድ ነው።»

ከፍሎ ወሰደ። ከዚያ ወዲህ ሰላምታ አልነሣትም፤ ማሳዋን ግን ዳግመኛ አላረሰም።

ይህን ያጫወተችኝ እሷ ናት። «ድሮ ላም የወለደችለት ሰው ማንንም ሳይጠይቅ ከተራራው አንድ እቅፍ ሣር አጭዶ ይሄድ ነበር» አለችኝ። «ዛሬ ያም ባለቤት አለው። ቢሆንም ያኔ እኔ የራሴ ነው የምለው ድርሻም አልነበረኝ።»

አሁን የምትሟገተው ለልጇ ነው። ልጅቷ አግብታ ጎጆ ወጥታለች፤ የሣሩ ድርሻ ግን መጀመሪያ ለነበሩት ቤቶች ብቻ የተደለደለ ስለሆነ ለአዲሶቹ አይደርሳቸውም። ጤናዬ በየስብሰባው እየተነሣች ትጠይቃለች። እስካሁን አልተፈቀደላትም። እስከዚያው የራሷን ድርሻ ለሁለት ትከፍላለች።