ካምባ ላይ የታሸጉት መጫወቻዎች

ማለዳ፣ ሲቀላ መናኸሪያ

ካምባ የምሄደው የልጆች መጫወቻ ልነጥቅ ነው። የምሠራው አርባ ምንጭ፣ ቤተ መጻሕፍት የሕፃናት ክፍል ነው። ልጆች መጽሐፍ እንደሚዋሱት መጫወቻም እንዲዋሱ ስንጀምር ለካምባ ንባብ ቤት አንድ ካርቶን ልከን ነበር። ዓመት ሊሞላው ነው፤ ተዋሰ የተባለ አንድም ልጅ የለም። አለቃዬ "ካልሠሩበት ሰብስበሽ አምጪው፣ ጫኖ ቀበሌ ያሉት ልጆች ይፈልጉታል" አለኝ። አንጀቴ እያረረ ተሳፈርኩ።

አውቶቡሱ እስኪሞላ ፀሐይ ወጣች። የጫሞን ሐይቅ በግራ እያየን ወደ ደቡብ ወረድን፤ ዓሣ የጫኑ ፒካፖች ወደ ከተማ ይመለሳሉ። የኮንሶውን መንገድ ትተን ወደ ቀኝ ስንታጠፍ አስፋልቱም ቀረ፣ ሙቀቱም ቀረ። ገረሴን አልፈን ዳገቱን ስንያያዘው፣ አጠገቤ ያሉት ሴትዮ ዶሯቸውን ጭኔ ላይ አስቀምጠው እንቅልፍ ወሰዳቸው። ምን ይባላል! ካምባ ድረስ ዶሮ ጠባቂ ሆንኩ።

ከሰዓት፣ ካምባ

ኩርኩፋ በዳጣ በልቼ፣ አፌ እየነደደ ንባብ ቤቱ ደረስኩ። ኃላፊዋ አስቴር ገና ወጣት ናት። መጫወቻዎቹን ስጠይቃት ቁምሳጥን ከፈተች። እኛ የለጠፍነው ፕላስተር እንኳ አልተነካም።

"አንቺ ልጅ፣ ይኼ መጫወቻ ነው ወይስ ጥሎሽ?"

"እትዬ፣ ንብረት እኮ ነው! ፈርሜ ነው የተረከብኩት። አንዱ ቢጠፋ የምጠየቀው እኔ ነኝ" አለች። "ልጆቹ 'መቼ ነው የሚከፈተው?' እያሉ ያሳዝኑኛል። ግን እፈራለሁ። እባክዎ አይውሰዱባቸው።" ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ የእኔም ቁጣ በረደ።

ጥግ ይዘው ጋዜጣ የሚያነቡ ሽማግሌ፣ ጋሽ ማሌቦ፣ መነጽራቸውን አውልቀው ጣልቃ ገቡ።

"እኛ ጋ ያጠፋ ሰው ዱቡሻ፣ መሰብሰቢያው ሜዳ ላይ ወጥቶ በሰው ፊት ይናገራል። ከተናገረ ይታረቃል፤ ነውሩ መደበቁ ነው። ልጆቹም ወስደው ነገ ጠዋት በሰው ፊት ይመልሱ። የጠፋ ካለ በአፋቸው ይናገሩ። እኔ ምስክር ሆኜ እቀመጣለሁ።"

አስቴር እኔን አየችኝ። "እዚሁ ካምባ አድሬ ነገ ጠዋት እመለሳለሁ። ያኔም ከፈራሽ ይዤው እሄዳለሁ" አልኳት። መቀሷን አንስታ ፕላስተሩን ቆረጠችው።

ጠዋት፣ ንባብ ቤቱ ደጅ

ልጆቹ ትናንት የተዋሱትን ይዘው ከእኛ ቀድመው ተሰልፈዋል፤ ወላጆችም አብረው መጥተዋል። ዳማው ሙሉ፣ የእንጨት ጡቦቹም ሙሉ ሆነው ተመለሱ። መጨረሻ ላይ አንዲት ልጅ ተገጣጥሞ የሚሠራውን ስዕል ይዛ ቀረበች። ቀጭኔዋ አንገት የላትም።

"አንዷን ቁራጭ ፍየላችን በላቻት" አለች።

ጋሽ ማሌቦ ወደ አስቴር ዞሩ። አስቴር ቀጭኔዋን አየች፣ ልጅቷን አየች። ከዚያ የላክነውን ካርቶን ራሱን በመቀስ እየቆረጠች አንገት ትሠራ ጀመር።

"ፍየላችሁ ከዛሬ ጀምሮ መዋስ ተከልክላለች። አንቺ ግን ነገም ነይ" አለቻት። ደጁ በሳቅ ተሞላ። እኔማ ሳቄም እንባዬም አንድ ላይ መጣ።

አመሻሽ፣ አርባ ምንጭ

መንገዱን ሙሉ ደስ እያለኝ መጣሁ። ለካ ሊያሳስበን የሚገባው ዓመት ሙሉ ምንም ሳይጎድልበት የተቀመጠ መጫወቻ ነው። አለቃዬ ባዶ እጄን ስገባ አይቶ ደነገጠ።

"ዕቃውስ? ጠፋ እንዴ?"

"አንዷ ጠፍታለች" አልኩት፣ "እግዚአብሔር ይመስገን!"