የሚያዜመው ሳፋ

አጎቴ ራዲዮ ጠጋኝ ነው። አርባ ዓመት ሙሉ ድምፅ ሲያጠራ ኖሯል፤ ሰፈርተኛው «ጆሮ» ብሎ ይጠራዋል። አንድ ነገር ካሰበ ደግሞ እህል ውሃ አይልም።

ሚስቱን፣ አክስቴን፣ ደም ግፊት ጥሎ ካነሳት ወዲህ ቀኝ እጇ አልታዘዝ ብሏታል። ሐኪሙ በየቀኑ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ነክራ እንድታንቀሳቅሰው፣ አለዚያ እጁ እንዲሁ ደርቆ እንደሚቀር ነገረን። እሷ ግን ጆሮ ዳባ ልበስ አለች። «የሞተ እጅ ውሃ ቢጠጣ ምን ሊሆን?»

አጎቴ የልብስ ማጠቢያውን ሳፋ ውሃ ሞልቶ መስኮቱ ሥር አኖረው። ከውሃ ታንከር የነቀለውን ተንሳፋፊ ኳስ በሽቦ ክንድ ከአሮጌ ራዲዮ ማዞሪያ ጋር አሰረው። ውሃው ሲነሳ ኳሱ ይነሳል፣ ማዞሪያው ይዞራል፣ ስፒከሩ ያዜማል።

«አንተ ሰውዬ፣ ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው» አለችው አክስቴ ከአልጋዋ።

«እንቦጩን ነው እኮ የፈለግኩት!»

በጣቱ ውሃውን ነካ ሲያደርገው ቤቱ የተንሳፈፈ መሰለኝ። የውሃው ነፀብራቅ ጣሪያው ላይ ይወዛወዛል፤ ዜማውም አብሮት ይሄዳል፣ ይመጣል። ለምን እንደመጣሁ ረስቼ ቁጭ አልኩ። አክስቴም ሳታስበው ዓይኗ ኳሱን ይከተል ጀመር።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት «እስቲ አምጡት» አለች። ሳፋውን አስጠግተን እጇን ነከርንላት። ኳሱ በስሱ ይርገበገባል፤ ስፒከሩ ግን ትንፍሽ አላለም።

«አላልኳችሁም?» ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እጇ ግን ገና ውሃው ውስጥ ነበር።

አጎቴ ኳሱ ላይ አፍጥጦ ቆየና ግንባሩን መታ። «ጥፋቱ የኔ ነው! ማጥሪያ አስገብቼበታለሁ።» የአርባ ዓመት ልማዱ ነው፤ ጥቃቅኑን መንቀጥቀጥ ሁሉ እንደ ራዲዮ ጩኸት ቆጥሮ፣ የሚውጥ ዕቃ ሰክቶበት ነበር። የእሷ እጅ ደግሞ ያለው እሱው መንቀጥቀጥ ብቻ ነው። አጎቴ ያቺን ማጥሪያ በጉጠት ነቅሎ ጣላት።

መጀመሪያ ሽሽሽ አለ። ቀጥሎ ክር የምታክል ድምፅ ወጣች፤ ከፍ ዝቅ አለች፤ ቤቱን ቀስ እያለች ሞላችው።

አክስቴ ዞረች። የአጎቴን እጆች አየች፤ ደረቱ ላይ ተጣጥፈዋል። የእኔንም አየች።

«ማነው የሚነካው?»

«እኛ አልነካንም» አለ አጎቴ፣ እንባው እየቀደመው።

አክስቴ ከንፈሯን ነከስ አደረገች፤ ድምፁም ከፍ አለ።