ለደምሰው የተሳልኳት በግ

ባለፈው ቅዳሜ ልጄ ማርታ ቴሌቪዥን እያየች ነበር። ከጥንት ግሪኮች ተረት የተወሰደ፣ ልጆች ከአውሬና ከጠንቋይ ጋር የሚታገሉበት ተከታታይ ፊልም ነው፤ እኔም ወጥ እያማሰልኩ አንድ ዓይኔን ጣል አደርግበት ነበር። አንድ ትልቅ ዘንዶ በልጁ ላይ አፉን ሲከፍት ማርታ በሪሞት አቆመችውና «እማ፣ ራበኝ» ብላ ወደ ማዕድ ቤት መጣች። በልታ፣ እጇን ታጥባ፣ ከጓደኛዋ ጋር በስልክ ስቃ እስክትመለስ ድረስ ዘንዶው አፉን እንደከፈተ ጠበቃት። እኔም ማማሰያውን እንደያዝኩ በሩ ላይ ቀረሁ። በእኔ ልጅነትም እንዲህ አፉን እንደከፈተ የቀረ ዘንዶ ነበር፤ ያን ያቆመው ግን የማንም እጅ አልነበረም፣ መልሶ ለማስነሳትም አቅም ያለው ሰው አልተገኘም።

ያደግሁት እዚሁ መሐል ሜዳ ነው። አባቴ ሕፃን ሳለሁ ስላረፈ ቤታችን ውስጥ የነበርነው እናቴና እኔ ብቻ ነን። እናቴ የበግ ጠጉር ፈትላ ባና የሚባለውን የጠጉር ብርድ ልብስ ለሚሠሩ ሸማኔዎች ታስረክባለች፤ እጇ ቢዳሰስ የጠጉሩ ወዝ ነበረበት፣ ፀጉሬን ስትሠራኝ ቅባት አያስፈልጋትም ነበር። ትምህርት ቤት በገባሁበት ዓመት ቀየት በሚባል ገጠር የሚኖሩት አያቴ አንዲት ሴት ግልገል ሰጡኝ። ነጭ ሆና አንድ ጆሮዋ ብቻ ቡናማ ነው፤ ሸጌ አልናት። ሸጌ አድጋ ትወልዳለች፣ የወለደችው ትወልዳለች፣ እኔም በዚያ ደብተርና ጫማ አግኝቼ እማራለሁ፤ የእናቴ ሐሳብ ይህ ነበር። ብዙ የምትናገር ሴት ስላልነበረች ይህን የነገረችኝ አንዴ ነው፤ በጓን ስታያት ግን ፊቷ ላይ ይነበብ ነበር።

ከአጥራችን ቀጥሎ ጋሽ ታደሰ ይኖራል። ወጣት የእንግሊዝኛ አስተማሪ ነው፤ በሰፈሩ ቴሌቪዥን የነበረው እሱ ብቻ ነበር። ጥቁርና ነጭ ነው፤ የጓሳ ተራራ ነፋስ ሲነሳ አንቴናው ይዞርና ሰዎቹ ሁሉ ጉም ውስጥ ይገባሉ፣ ጋሽ ታደሰም በርኖሱን ደርቦ ወጥቶ ዘንጉን ሲያስተካክል እኛ ከውስጥ «ትንሽ! ትንሽ! በቃ ጋሼ፣ አለፈ!» እያልን እንጮሃለን። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የልጆች ፊልም ስለሚኖር ጫማችንን በር ላይ አውልቀን አጎዛ ላይ እንኮለኮላለን፤ ክፍሉ በእርጥብ ጋቢና በተቆላ ባቄላ ሽታ ይሞላል፣ ብርዱም እርስ በርስ ያጣብቀናል።

በዚያ ዓመት የመጣው ፊልም ስለ አንድ የግሪክ ልጅ ነበር። የሙታን ጌታ ትንሽ እህቱን ከመሬት በታች ወስዶበት፣ ልጁ የሸክላ መብራት ይዞ ሊያወጣት ይወርዳል፤ በየሳምንቱም አንድ አዲስ ፍጡር መንገድ ይዘጋበታል። ፊልሙ የሚናገረው በእንግሊዝኛ ስለሆነ ጋሽ ታደሰ ቆሞ ይተረጉምልናል። የልጁ ስም አፋችን ላይ አልቀመጥ ስላለ ደምሰው አለው፤ እህቲቱን አስካለ አላት። ዘንዶና ባለአንድ ዓይን ሰው ሲመጣ ድምፁን ያወፍራል፣ አስካለ ስታለቅስ ያቀጥናል።

የመጀመሪያው ቅዳሜ እናቴ ምን እንደምናይ ልታረጋግጥ መጥታ ነጠላዋን አገጯ ድረስ ስባ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ጋሽ ታደሰ አያትና ስለ ብዙ አማልክት ማውራቱን ፈራ። ከዚያ የባሕሩን አምላክ «የባሕሩ ሹም»፣ የመብረቁን አምላክ «የመብረቁ ሹም» እያለ ቀጠለ። እናቴ ሹማምንቱ ሲጣሉ ጥቂት አዳምጣ፣ ከእኛ አገር የተለየ ነገር እንደሌለው አይታ ወደ እንዝርቷ ተመለሰች። ግሪኮቹ ሁሉ ሹም አለመሆናቸውን ያወቅሁት ኮሌጅ ስገባ ነው።

እኔ ደምሰውን ወደድኩት። ወንድም የለኝም፤ ለእህቱ ብሎ መሬት ውስጥ የሚገባ ወንድም ምን እንደሆነ በዚያ ፊልም ነው ያየሁት። አንድ ቅዳሜ ደምሰው የመጨረሻው በር ላይ ደረሰ። በሩን የሚጠብቀው ዘንዶ ነበር። መብራቱ ወድቆ ተሰበረ፣ ሰይፉ ከእጁ ወጣ፣ ዘንዶው አፉን ከፈተ፤ ፊልሙም እዚያ ላይ ለሳምንት ተብሎ ተቋረጠ። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ሳወጣ ሳወርድ ግን አንድ ነገር ታየኝ። የደብራችን ታቦት ቅዱስ ጊዮርጊስ ነው። በየሳምንቱ የምሳለመው ሥዕል ላይ በነጭ ፈረስ ተቀምጦ በጦር የሚወጋው ምንድን ነው? ዘንዶ። ታዲያ ከእሱ የተሻለ ለደምሰው ማን ይደርስለታል?

እሑድ ጠዋት ከእናቴ ጎን ቆሜ የቤተ ክርስቲያኑን በር ተሳለምኩና ስለት በሹክሹክታ ከሆነ ላይሰማ ይችላል ብዬ ድምፄን ከፍ አደረግሁ። «ቅዱስ ጊዮርጊስ ሆይ፣ ደምሰውን ከዘንዶው አፍ ካወጣህልኝ ለንግሥህ ሸጌን አገባለሁ።»

እናቴ ቀስ ብላ ዞረች። «ማን ነው የታመመው?»

«ደምሰው ነው።»

«የማን ልጅ?»

«ጋሽ ታደሰ ቤት ያለው፤ ቴሌቪዥኑ ውስጥ።»

እናቴ እኔን አየች፣ ወደ በሩ አየች፣ ምንም ሳትል አማተበችና እጄን ይዛ ወደ ቤት ሄድን። በዚያ ቀን እንዝርቷ ሁለት ጊዜ ከእጇ ሲወድቅ አይቻለሁ።

ሰኞ ዕለት የከተማው ትራንስፎርመር ተቃጠለ። ቅዳሜው ደረሰ፣ መብራት የለም። ቀጣዩም አለፈ፤ ሦስተኛውም። ዘንዶው አፉን ከፍቶ፣ ደምሰው ባዶ እጁን ቆሞ፣ እኔ ደግሞ ሸጌ የእኔ ትሁን የጊዮርጊስ ሳላውቅ ሣር እያጨድኩላት ቀናት ሄዱ። እውነቱን ለመናገር፣ አንዳንድ ጊዜ አንገቷን አቅፌ ሳለሁ «ምናለ ባትሄድ» የሚል ነገር በልቤ ያልፍ ነበር። ወዲያው አማትቤ አባርረው ነበር፤ ግን አልፏል።

በአራተኛው ሳምንት ጋሽ ታደሰ ለሥራ ደብረ ብርሃን ሄደ። እዚያ እህቱ ቤት ቴሌቪዥን ስላለ ያመለጠንን ጠይቆ፣ የፊልሙን መጨረሻ አይቶ ሊነግረን ቃል ገባ። የሚመለስበት ቀን እናቴ ጠጉር ላስረክብ ብላ ወጣች። መናኸሪያ ቆማ ስትጠብቀው እንደነበር ኋላ እሱ ራሱ አጫወተኝ። ከአውቶቡስ ሲወርድ ሻንጣውን ተቀበለችውና ሰላምታውን ሳትጨርስ ጠየቀችው።

«ታደሰ፣ ልጁ ተረፈ?»

«ተረፈ እንጂ፣ እትዬ በለጡ! ዘንዶውን ገድሎ እህቱን ይዞ ወጣ።»

«እግዚአብሔር ይመስገን» አለች ከልቧ። ጥቂት እንደተራመዱ ደግሞ፣ «ለልጄ ግን ሞተ በልልኝ» አለችው።

ማታ ልጆች ሁላችን ጋሽ ታደሰን ከበብነው። እኔን ሳያይ «ደምሰው… አልተረፈም» አለ። ምንውየለት የሚባለው የጎረቤት ልጅ ብድግ ብሎ ጮኸ። «ውሸት! አክተር አይሞትም ጋሼ!»

«በግሪክ ይሞታል» አለና ጫማውን ማሰር ጀመረ። ጫማው የታሰረ ነበር።

ሸጌ ቀረችልኝ። እኔ ግን እህል አልበላ አለኝ። ቅዱስ ጊዮርጊስ ልጅ ከዘንዶ ማውጣት እንደማያቅተው አውቃለሁ፤ ስለዚህ ጥፋቱ የእኔ ነው። በጓ ብትቀርልኝ ብዬ በልቤ የተመኘሁትን ሰምቶ፣ ስጦታዬ ከልብ እንዳልሆነ አይቶ ተወው ማለት ነው። ደምሰውን የገደልኩት እኔ ነኝ። ይህን ለማንም አልተነፈስኩም። ማድረግ የምችለው አንድ ነገር ብቻ ነው ብዬ ወደ ንስሐ አባታችን ወደ አባ ወልደ ገብርኤል ሄድኩና አንድ የሞተ ልጅ በጸሎት እንዲያስቡልኝ ለመንኳቸው። መስቀል አሳለሙኝ፣ እንባዬን በጋቢያቸው ጠረጉና «የክርስትና ስሙ ማን ነው?» አሉኝ። አላውቀውም። ጋሽ ታደሰ ጋ ሮጬ ስጠይቀው ፊቱ ተለዋወጠና «እናትሽን ጠይቂ» አለኝ። እናቴን ስጠይቃት ድስቷን ከፍታ አየች፣ መልሳ ከደነች፣ ድስቱ ባዶ ነበር።

በማግስቱ አባ ወልደ ገብርኤል ራሳቸው ቤታችን መጡ። እኔ ጓዳ ነበርኩ፤ የሆነውን ከብዙ ዓመት በኋላ አባ ራሳቸው አጫወቱኝ።

«በለጡ፣ ይህች ልጅ ስለ አንድ ሟች ትጨነቃለች። ደምሰው ዘመዳችሁ ነው?»

እናቴ እግራቸው ላይ ወደቀች። «አባቴ ይፍቱኝ፤ አንዲት በግ ለማትረፍ ብዬ ሰው ገድያለሁ።»

አባ መቋሚያቸው ከእጃቸው ወጥቶ ወደቀ። እናቴ ነገሩን ከቴሌቪዥኑ ጀምራ እስክታስረዳቸው ድረስ ቁጭ አላሉም፤ ሲቀመጡ ደግሞ ጋቢያቸው አፋቸው ላይ ነበር፣ ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። ረጋ ካሉ በኋላ ግን ድምፃቸው ቀልድ አልነበረበትም።

«ልጅ በእናቷ ቤት ሳለች ብትሳል፣ እናት በሰማችበት ቀን ብትከለክል ስለቱ አያስራትም ነበር። አንቺ ሰምተሽ ዝም አልሽ።»

«ዝም አልኩ፣ አባቴ።»

«እኔ በጓን አግቡ አልልሽም፤ ችግርሽን አውቃለሁ። ለልጅቷ እውነቱን ንገሪያት። የተሳለችው እሷ ናት፣ እሷ ታውቃለች።»

እሳቸው ሲሄዱ እናቴ ወደ ጓዳ ገባችና ከፊቴ መሬት ላይ ተቀመጠች። ከዚያ በፊት ከእኔ ዝቅ ብላ ተቀምጣ አይቻት አላውቅም። «አልሞተም» አለችኝ። «ዘንዶውን ገድሎታል፤ እህቱንም አውጥቷታል። ታደሰን ያስዋሸሁት እኔ ነኝ። ማሪኝ።»

አንገቷ ላይ ተጠመጠምኩ። ስቄ አለቀስኩ፤ ደምሰው አለ፣ ጊዮርጊስም ሰምቶኛል፣ ያቺ የልቤ ሐሳብም ማንንም አልገደለችም! ሸጌን ያየኋት ከዚያ በኋላ ነው፤ በሩ ላይ ቆማ ታመሰኳለች። ሄጄ አንገቷን አቀፍኩ። «እናገባታለን፣ እማዬ» አልኩ።

በዋዜማው እናቴ በሞቀ ውሃ አጠበቻት። የንግሡ ዕለት አባ ወልደ ገብርኤል የስለት ስም በድምፅ ማጉያ ሲያነቡ የእኛ ላይ ደርሰው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ወይዘሮ በለጡና ልጃቸው፣ ልጅ ከሞት ተርፎላቸው፣ አንድ በግ!» ሕዝቡ እልል አለ። ከወንዶቹ መካከል ከማንም በላይ ያጨበጨበው ጋሽ ታደሰ ነበር። ከጎናችን የቆመች ሴት ወደ እናቴ ጠጋ ብላ፣ «እንኳን ደስ ያለሽ፤ የተረፈው የትኛው ልጅ ነው?» አለቻት።

«የሩቅ ነው» አለች እናቴ።

ገመዱን ለደብሩ ሰዎች ሰጠኋቸው። ሸጌ ሁለት ጊዜ ዞራ አየችኝ፣ ከዚያ ከሌሎቹ በጎች ጋር ተቀላቀለች፤ ያቺን ቡናማ ጆሮ እስክትጠፋ ድረስ ተከተልኳት። እናቴ እስከ ቤት ድረስ እጄን አልለቀቀችም። በሚቀጥለው ዓመት ከማለዳ እስከ ማታ የሌላ ሰው ጠጉር ፈተለች፤ ደብተርም ጫማም አላጣሁም። በጓን በክፉም በደግም አንድ ቀን አንስታብኝ አታውቅም።

እናቴ አሁን በዚያው ደብር አርፋለች። እኔም በሕይወቴ ብዙ ተስያለሁ፤ ባለቤቴ ሲታመም፣ ልጅ ሲዘገይብኝ። ቅዱስ ጊዮርጊስ ሁሉንም ሰምቶኛል፣ ስሙ ይመስገን። ነገር ግን ከመሳሌ በፊት ጓዳዬን ዞር ብዬ አያለሁ፤ ጧፍ፣ ጃንጥላ፣ አንዳንዴ ምንጣፍ፣ የማይጎዳኝን መርጬ ነው የምሳለው፤ ያውም ለራሴ ሰው። ለማላውቀው ልጅ ያለችኝን አንዲት በግ ስሰጥ ግን ወደ ጓዳ አላየሁም ነበር። ያኔ የምታይልኝ እናቴ ነበረች።