ግድግዳ ላይ የምታበራው ስልክ

ጋምቤላ ውስጥ ስልኩ ተበላሽቶበት የሚያውቅ ሰው ፈረጅን ያውቀዋል። ገበያው ጫፍ ባለችው ሱቁ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ሲጠግን ይውላል። ዕድሜው ወደ ስልሳ ተጠግቷል። ልጁ ሪድዋና አብራው ትሠራለች፤ እሱ ይፈታል፣ እሷ ሶፍትዌር ትጭናለች። ሠላሳ ዓመት ያለፈው የከተማው ሰው ግን ፈረጅን የሚያስታውሰው በሌላ ሥራው ነው። ያ ሱቅ ድሮ ቪዲዮ ቤት ነበር።

ከጅማ በመጣ በሁለተኛ ዓመቱ ከባለቤቱ ከፈይዛ ጋር ከፈቱት። አሥራ አራት ዓመት ሠሩበት። ፈይዛ በሩ ላይ ትቆማለች፤ ማን ከማን አጠገብ መቀመጥ እንደሚወድ፣ ማን አይኑ ስለሚደክም ፊት መሆን እንዳለበት ታውቃለች። ፈረጅ ቴሌቪዥኑ አጠገብ ቆሞ የህንድ ፊልም በአማርኛ ይተረጉማል፤ ያልገባውን ከራሱ ይጨምራል። አግዳሚው ላይ የተቀመጡት ደግሞ እሱ ያለውን በአኙዋክኛና በኑዌርኛ ለጎረቤቶቻቸው ያቀብላሉ። በዚህ የተነሳ አንድ ቀልድ አዳራሹን ሦስት ጊዜ ያስቀው ነበር።

በኋላ ሁሉም ፊልሙን በኪሱ ያዘ። አግዳሚዎቹ ባዷቸውን መዋል ጀመሩ። ፈረጅ ዘጋው፤ የስልክ ጥገናም ተማረ። ፈይዛ ከሞተች አሁን አምስት ዓመቷ ነው።

ባለፈው መጋቢት፣ ሙቀቱ ቆርቆሮውን በሚያንጫጫበት ሰሞን፣ አኳይ የሚባል የጤና ባለሙያ ወደ ሱቁ መጣ። የከተማው ልጅ ነው፤ የሚሠራው ኩሌ የስደተኞች መጠለያ ነው። ከቦርሳው ወፍራም ስልክ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረ።

“ጋሼ ፈረጅ፣ ይቺ ስልክ ፕሮጀክተር አላት። ለእናቶች የወባ ትምህርት ላሳይባት ገዛኋት። አምስት ደቂቃ ታበራና ድርግም ትላለች።”

ፈረጅ አገላብጦ አያት። አናቷ ላይ የጥፍር ያህል መስታወት አለች። ወሬዋን ሰምቶ ነበር፤ አይቷት ግን አያውቅም።

“ይሄን ነገር ፋብሪካዎቹ ሞክረው ሞክረው ተዉት ሲሉ ነበር” አለ። “ያግላል፣ ባትሪ ይበላል፣ ስልኩን ያወፍራል።”

ፈታት። አቧራ ገብቶባታል፤ ሙቀቱን የሚያስወጣው ቅባትም ደርቋል። ጠራርጎ አዲስ ቀባት። ለመሞከር ጨለማ ስለሚያስፈልግ፣ በቀትር ዘግቶ የማያውቀውን በር ዘጋ።

“ምን እናሳይባት?” አለ አኳይ።

ሪድዋና ትንሽ አመነታች። “አባ፣ ያንን ካሴት አዲስ አበባ አስገልብጬው ነበር። አልነገርኩህም። ሚሞሪ ካርዱ እኔ ጋ ነው።”

ፈረጅ የትኛውን ካሴት ማለቷ እንደሆነ አልጠየቀም። “አድርጊው” አለ።

ግድግዳው ላይ ያው አዳራሽ ወጣ። ፈረጅ ያኔ ለሠርግ የመጣ ካሜራ ተውሶ፣ አንድ የበዓል ቀን ተመልካቹን የቀረጸበት ነው። ሰዎቹ በአግዳሚ ተጣበው ይስቃሉ። አኳይ ወደ ግድግዳው ተጠግቶ ስማቸውን መጥራት ጀመረ። “ይሄ ዓሣ ሻጩ ነው። ይሄኛው አሁን ማታር ከተማ ነው የሚኖረው። ውይ፣ ያቺ አክስቴ!”

ካሜራው ወደ በሩ ዞረ። ፈይዛ ቢጫ ሻሽ አስራለች። “ተው አንተ፣ ሰውን ቅረጽ እንጂ!” ብላ መዳፏን ወደ ካሜራው ዘረጋች፤ ግድግዳው በመዳፏ ተሸፈነ።

ፈረጅ በርጩማው ላይ ተቀመጠ። ሪድዋና ልታጠፋው እጇን ስትሰድ፣ “ተይው፣ ይለቅ” አላት። ድምፅዋን ከሰማ አምስት ዓመቱ ነበር። ቪዲዮው እስከ መጨረሻው ታየ። ስልኳም አልጠፋችም።

በሩ ሲከፈት አኳይ ጠየቀ። “ወደፊት ስልክ ሁሉ እንዲህ ይሆን ይሆን?”

“ፋብሪካዎቹ ማሽኑን ማሳነስ አያቅታቸውም” አለ ፈረጅ። “የሰዉ ነገር ነው። ሰው አብሮ ማየት ከናፈቀው ይሠሩታል። ለብቻው ማየት ከበቃው ግን ማን ይገዛዋል?”

በሁለተኛው ሳምንት አኳይ ፈረጅን ኩሌ ይዞት ሄደ፤ ስልኳ እዚያም በሙቀቱ ትሠራ እንደሆነ እንዲያይለት። የመማሪያ ክፍሉን መስኮቶች በብርድ ልብስ ሸፍነዋል። ኛቾል የምትባል የመጠለያው ነዋሪ ትምህርቱን ወደ ኑዌርኛ ትመልሳለች። የበሬ ያህል ትልቅ የወባ ትንኝ ግድግዳው ላይ ስትወጣ እናቶቹ ጮኹ፤ ኛቾል አንድ ነገር ጣል አደረገችና ጩኸቱ ወደ ሳቅ ተለወጠ። ፈረጅ ምን እንዳለች አልገባውም። ከኋላ ተቀምጦ ግድግዳውን ሳይሆን ሰዎቹን ሲያይ ቆየ።

አርባ ደቂቃ ላይ ባትሪው አለቀ። ፈረጅ ሰዉ ተነስቶ ይሄዳል ብሎ ጠበቀ። ማንም አልተነሳም። ስለ ትንኟ፣ ስለ አጎበሩ፣ ስለ ልጆቻቸው እዚያው ጨለማው ውስጥ ማውራት ቀጠሉ።

ከተማ እንደተመለሰ አዲስ አበባ ላለ ዕቃ አስመጪ ደወለ። ሰውዬው ሞዴሏ ከገበያ መውጣቷን፣ አዲስ ትመጣለች ቢባልም እርግጠኛ አለመሆኑን ነገረው።

“ከመጣች አንዷን ያዝልኝ” አለው ፈረጅ።

“ለሽያጭ ነው?”

“አይደለም” አለና ወደ ሪድዋና ተመለከተ። “እኔና ልጄ የምናያት ሰው አለች።”