የጋሼ መቶ በመቶ

ካምፓላ፣ ሙየንጋ ኮረብታ ላይ፣ በአንድ የኪራይ ቤት ጋራዥ ውስጥ ሦስት ሆነን ሶፍትዌር እንሠራለን። አለቃችን ጋሼ፣ ኮድ ጸሐፊያችን፣ የሁለቱን ሥራ ስህተት እየነቀስኩ እንጀራዬን የምበላው ደግሞ እኔ። ጋሼ ዕድሜያቸውን ሙሉ በኃላፊነት ሲያዙ ኖረው፣ ጡረታ ሲወጡ ያላቸውን ሁሉ ይዘው እዚህ ጋራዥ ገቡ። ደንበኛ ግን አንድ ብቻ ነበሩን፤ ኪኩቦ ገበያ ውስጥ የጅምላ ሱቅ ያላቸው የአገራችን ሰው፣ እትዬ የምንላቸው። ከፖርት ቤል ወደብ ወደ ሐይቁ ደሴቶች በጀልባ ዕቃ ይልካሉ። የእኛ ሶፍትዌር ደግሞ ጭነቱን ይደምርና ሲበዛ "በቃ" ይላል። እትዬ ከወደዱት ጋራዡ ይቀጥላል፤ ካልወደዱት ጋሼ ሻንጣቸውን ይዘው ወደ አዲስ አበባ።

ታዲያ አንድ ቀን ከየት እንደሰሙት እንጃ፣ ጋሼን የኮቨሬጅ ሪፖርት የሚባል ነገር ያዛቸው። ነገሩ ቀላል ነው። ኮዱን የሚሞክር ሌላ ኮድ ይጻፋል፤ ቴስት እንለዋለን። ቴስቱ ሲሮጥ የነካው መስመር አረንጓዴ፣ ያልነካው ቀይ ይሆንና ከላይ በመቶኛ ይቀመጣል። ጋሼ ያን ሁሉ ቀይ ሲያዩ የተሰደቡ ያህል ከፋቸው።

"እትዬ ሰኞ ይመጣሉ። መቶ በመቶ አረንጓዴ እፈልጋለሁ! ዘጠና ዘጠኝ የሚለኝ ሰው ከዚህ ቤት ይውጣ!"

ኮድ ጸሐፊያችን እምቢ ማለት አያውቅም፤ ሲያዙት ፈገግ ይላል፣ ከዚያ እንደሚመቸው ያደርጋል። ዓርብ ጠዋት በቻፓቲ የተጠቀለለ የእንቁላል ሮሌክሱን እየገመጠ "ጋሼ፣ መቶ!" አለ። ጋሼ ደስታውን አልቻሉትም። ሪፖርቱን በቀለም አሳትመው ግድግዳ ላይ ሰቀሉት፤ ዘበኛውን ሳይቀር ጠርተው አሳዩት። ዘበኛው በትሕትና ራሱን ነቀነቀ።

እኔ ነገረኛ ነኝ። መቶ በመቶ ሲሉኝ ጆሮዬን ያሳክከኛል። ቴስቶቹን ከፍቼ ሳነብ መጀመሪያ ሳቄ መጣ፣ ቀጥሎ ንዴቴ። እያንዳንዱን መስመር ይነካሉ፤ መልሱ ልክ ይሁን አይሁን ግን አንዱም አይጠይቅም። የእኛው ሰላምታ ነው በቃ! "ደህና ነሽ? ቤት ሰላም? ልጆች ደህና?" ይሉና መልሱን ሳይሰሙ ዘለው ቦዳ ሞተር ላይ መፈናጠጥ። ለማረጋገጥ ብዬ በራሴ ኮፒ ላይ የጭነቱን ወሰን ገለበጥኩት፤ ለሞላው ጀልባ "ጨምር"፣ ለባዶው "በቃ" እንዲል አደረግሁ። አስሮጥኩት። መቶ በመቶ አረንጓዴ። ጉድ እኮ ነው!

ጋሼን ጠርቼ አሳየኋቸው። ኮምፒውተሩን ሳይሆን እኔን ነው ያዩት።

"ሰኞ ልናቀርብ፣ ዛሬ ነው የምትነግሪኝ?"

"ዛሬ ነዋ ያየሁት፣ ጋሼ።"

"ታዲያ ባታዪው ምን ነበረበት!"

ኮድ ጸሐፊያችን ደግሞ "መቶ አሉኝ እንጂ ልክ ይሁን አላሉኝም" ብሎ ነገሩን አባባሰው።

ሰኞ እትዬ መጡ። ጋሼ በሕይወታቸው "ተሳስቻለሁ" ያሉበትን ቀን የሚያስታውስ ሰው የለም፤ መንገድ ሲጠፋቸው እንኳ የሚቆጡት መንገዱን ነው። ፈራሁ። እትዬ ግድግዳውን አይተው "ይሄ አረንጓዴው ምንድነው?" አሉ። ጋሼ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"እሱማ አለባብሰን ያረስነው ነው፣ እትዬ። አረሙ ገና አሁን ታየን።"

ከዚያ ምንም ሳያስቀሩ ነገሯቸው። እትዬ ሰምተው ሲጨርሱ እንዲህ አሉ፦ "ከዕቃው ጋር የሚሄደው ትልቁ ልጄ ነው። እርስዎ ቢሆኑ ልጅዎን ይጭኑበታል?"

"ዛሬ? አልጭንም።"

"እንግዲያው የሚጭኑበት ዕለት ይደውሉልኝ" ብለው ተነሡ።

ከዚያ በኋላ የሠራነውን እኛ ነን የምናውቀው። መልስ የሚጠይቁ ቴስቶች ስንጽፍ ያ ሁሉ ስህተት እየተንጋጋ ወጣ፤ አንዱን ስናስተካክል ሌላው ይወድቃል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እያልኩ ኮድ ጸሐፊያችንን አንጨረጨርኩት፤ እሱም ፈገግ እያለ ለቀመ። በመጨረሻ ወሰኑን ደግሜ ብገለብጠው ቴስቱ ወዲያው ቀይ ሆኖ ጮኸ። ጋሼ ቀይ አይተው ሲያጨበጭቡ ያን ዕለት ነው ያየሁት። ወዲያው ደወሉ።

ፖርት ቤል ስንደርስ እትዬ ከልጃቸው ጋር ቆመው ይጠብቁናል። ፖሾ የሚሉት የበቆሎ ዱቄት በጆንያ በጆንያው ተጫነ፤ ጋሼ አንድ በአንድ ሲመዘግቡት ስልካቸው ላይ ቁጥሩ ሽቅብ ወጣ፣ ወሰኑ ላይ ሲደርስ "በቃ" አለ። እኔ በእፎይታ ልጮህ ምንም አልቀረኝም። ጋሼ ግን አላበቁም።

"ልጆቼ አዲስ አበባ ናቸው። እኔው ልጫን" አሉና ሱሪያቸውን ጠቅልለው ጆንያው ላይ ጉብ አሉ።

ጋሼ ቀላል ሰው አይደሉም። ጀልባዋ ወረድ አለች፣ ውሃው ወደ ጠርዟ ተጠጋ። ሁላችንም ሳቅን። እሳቸው ግን ስልኩን እያዩ ቀሩ። ራሳቸውን ሊመዘግቡበት ቢሞክሩ ቦታ የለውም፤ ቁጥሩ አልተንቀሳቀሰም።

ያኔ ገባኝ። ጆንያ ቆጥረናል፣ ካርቶን ቆጥረናል፤ ለሰው የሚሆን መስመር ግን ማንም አልጻፈም። ሪፖርቱ ደግሞ የሚያቀልመው የተጻፈውን ነው። ያልተጻፈው ቀይም አይሆን፣ አረንጓዴም አይሆን።

ጋሼ ቀና ብለው አዩኝ። ዝም ሊሉ ይችሉ ነበር፤ ከእኔና ከእሳቸው በቀር ያየ የለም። ዝም ቢሉ እኔስ እናገር ነበር ወይ፣ እሱን እንጃ። ከጀልባዋ ወርደው እስከ ጉልበታቸው ውሃ ውስጥ ቆሙ።

"እትዬ" አሉ፣ "ልጅዎን አልቆጠርነውም።"

እትዬ የልጃቸውን ክንድ ያዝ አደረጉ። ጋሼን ትንሽ አዩዋቸው፤ ከዚያ ሌላውን እጃቸውን ወደ ውሃው ዘረጉላቸው።

"አሁን ቆጠሩት እኮ። በሉ ይውጡ፣ ሂዱና ጻፉት። እጠብቃለሁ።"