ተቀባዩ ዲናንድ ዓይኑን ጨፈነ

ያን ቀን ጠዋት ዲናንድ የንክሻ ልብሱን ከመኪናው ሳያወርድ መኪናው ውስጥ ብዙ ተቀመጠ። ብርድ ነው ብሎ ራሱን ሊያታልል ሞከረ። የምን ብርድ! ግንቦት ገብቷል፣ ላሞቹ ሁሉ መስክ ወጥተዋል፣ ሰው በሸሚዝ ይሄዳል።

የዲናንድ የእንጀራ ሥራው የወተት ቦቴ መንዳት ነው። ነፍሱ ያለችው ግን እዚሁ የውሻ ማሠልጠኛ ሜዳ ላይ ነው። እኛ የትዌንተ ገጠር ሰዎች በትርፍ ጊዜያችን ለፖሊስ የሚሆኑ ውሾች እናሳድጋለን፤ ሚስቶቻችን እንደሚሉት ለልጆቻችን ያልሰጠነውን ትዕግሥት ለውሻ እንሰጣለን። ዲናንድ ደግሞ የክበባችን ተቀባይ ነው። ተቀባይ ማለት ያን እንደ ፍራሽ የወፈረ ልብስ ለብሶ፣ ሌባ መስሎ፣ ከሜዳው ማዶ ቆሞ የሚነከሰው ሰው ነው። መነከስ ብቻ ቢሆንማ የትኛውም ቂል ይሠራው ነበር። ውሻ በሙሉ ፍጥነቱ መጥቶ ሲዘልብህ፣ ከጭነት መኪና ላይ የተወረወረልህን ጆንያ እንደምትቀበለው፣ አብረኸው ዞረህ ጉልበቱን ማብረድ አለብህ። ለዚያ ደግሞ በየት በኩል እንደሚመጣ ማየት ያስፈልጋል። ደርቀህ ከቆምክ አንተ ምንም አትሆንም። የሚሰበረው ውሻው ነው።

ባለፈው ጥቅምት የሆነውም ይኸው ነበር። ሣሩ በዝናብ ርሶ ስለነበር ዲናንድን አንሸራተተው፤ ሪኮ የሚባለው ውሻ ሲደርስበት እንደ ግንድ ደርቆ ጠበቀው። ሪኮ ነፍሱ ተረፈች፤ አንገቱ ግን ወደ ግራ እንደተጣመመ ቀረ። ከዚያ ወዲያ መሮጥ የለ፣ መዝለል የለ። የሪኮ ጌታ ሄኒ ነው፤ ጣሪያ ሠሪ፣ ከዲናንድ ጋር አፈር ፈጭቶ ያደገ። ያ ሰው ምናለ አንዲት ክፉ ቃል ቢናገር! "ሣሩ ነው፤ አንተ ምን ታደርግ" ብሎ ትከሻውን መታ መታ አደረገው፤ ከዚያ ውሻውን አቅፎ ሄደ። ዲናንድን የገደለው ይሄ ደግነት ነው። ቢሰድበው ይሻለው ነበር።

ከዚያ ወዲህ አንድ አመል ያዘው። ውሻው ሊዘል ሲል ዓይኑ በራሱ ጊዜ ይጨፈናል። ሊከፍተው ይታገላል፤ እምቢ ይለዋል። ቤቱ ውስጥ ሚስቱ ትራስ እየወረወረችበት ሳይጨፍን መቆም ይለማመድ ነበር። ትራሱን ያየዋል። ውሻውን አያየውም። የብርዱን ወራት ሁሉ የክበቡን ውሾች በተጨፈነ ዓይን ተቀበላቸው፤ አንድም ሳይሰበር የቀረው በዕድል ነው። ከሚስቱ በቀር ለማንም አልተናገረም። ምን ብሎ ይናገር? ተቀባይነቱን ቢወስዱበት ዲናንድ የወተት ቦቴ ብቻ ነው የሚቀረው።

አንዱን ውሻ ግን ይሸሸው ነበር፤ ቦር የሚባለውን። ቦር የሪኮ ታናሽ ነው፤ አንዲት እናት የወለደቻቸው። ሄኒ ከሪኮ በኋላ ያለ የሌለ ተስፋውን የጣለው በዚህ ውሻ ላይ ነው። ፍጥነቱ ለጉድ ነው። ጉድለቱ አንድ ብቻ ነው፦ አንዴ ከተለቀቀ አይመለስም። የፖሊስ ውሻ ለመሆን በሚሰጠው ፈተና ውሻው ወደ ሌባው እየሮጠ ሳለ ጌታው ሲጠራው ሳይነክስ መመለስ አለበት። ቦርን ንጉሡ ራሳቸው ቢጠሩት አይመለስም። ዲናንድ በየሳምንቱ ሰበብ እየፈጠረ ቦርን ለወጣቱ ተቀባይ ለዮስት ይተውለት ነበር።

ዛሬ ዮስት ትከሻው ወልቆ ቀርቷል። ፈተናው ደግሞ ቅዳሜ ነው።

ክበቡ ቤት ሲገባ፣ ሾርባውን የምታማስለው ፍሪዳ ገና ከበሩ ለከፈችው። "ምነው፣ ፊትህ የወተትህን መልክ ያዘ?"

"እንቅልፍ አጥቼ ነው።"

"ሚስትህ አባራህ? ና ከውሻዬ ጋር ተኛ፤ እሱ አያንኮራፋም።"

ሰው ሁሉ ሳቀ። ዲናንድም ሳቀና ወደ ሄኒ ዞረ። ሄኒ ቦርን በሰንሰለት ይዞ ቆሟል።

"ሄኒ፣ አንድ ነገር ልነግርህ…"

"ከሜዳው በኋላ ንገረኝ። ዛሬ ረጅሙን ሩጫ ነው የምፈልገው፤ ከማዶ እስከ ማዶ፣ እስከ ንክሻው። ዮስት ጥሩ ልጅ ነው፣ ይሁን፤ ግን እኔ የማምነው አንተን ነው። ባለፈውም አንተ ባትሆን ኖሮ ሪኮ ይሞት ነበር።"

ዲናንድ ልብሱን አጠለቀ። እንዲህ ለሚያምን ሰው ምን ይባላል?

ወደ ማዶ ሲሄድ በሄኒ መኪና በኩል ማለፍ ግድ ሆነበት። ሪኮ አንገቱን አጣሞ በመስኮቱ ያየዋል። ዲናንድ አቀርቅሮ አለፈ። ልብሱ ከበደው፣ ጀርባው በላብ ራሰ። "ዛሬ አልጨፍንም፤ ዛሬ አልጨፍንም" እያለ ያነበንባል። ቦታው ደርሶ ሲዞር ሄኒ ከሜዳው ጫፍ ትንሽ ሆኖ ይታያል። ቦር የፊት እግሮቹ ከመሬት ተነሥተው ሰንሰለቱን ይስባል።

ተለቀቀ።

ወይ ፍጥነት! ዲናንድ ገና ከሩቁ ዐወቀው። ውሻው ሜዳውን ሳያጋምስ የዲናንድ ሽፋሽፍት መርገብገብ ጀመረ። እንደሚጨፍን ገባው። ይህን ውሻም እንደሚሰብረው ገባው። ያኔ ኩራቱም እፍረቱም በነኑ።

"ጥራው!" ብሎ ጮኸ። "መልሰው!"

ሄኒ ንቅንቅ አላለም። ተቀባይ ሁልጊዜ ይጮኻል፤ ውሻውን ለማስፈራራት ይሳደባል፣ ዱላ ይወዘውዛል። ሄኒ ያው የተለመደው ጩኸት መሰለው።

"ሄንድሪክ!" አለ ዲናንድ ባለ በሌለ ድምፁ። "ሄንድሪክ፣ አላይም! ጥራው!"

ሄኒን ሄንድሪክ ብላ የምትጠራው እናቱ ብቻ ነበረች። ከቀበሯት ወዲህ ያን ስም በዚህ አገር የጠራው የለም።

ዲናንድ ዓይኑ ተጨፈነ። ከዚያ የሰማው የሄኒን ድምፅ ነው። ከዚህ ቀን በፊት ሄኒ ውሻውን ሲጠራ ሰው ሚስቱን ለምሳ እንደሚጠራ ነበር። አሁን የወጣው ግን ልጁ ገደል አፋፍ የደረሰበት ሰው ጩኸት ነው። ዲናንድ ጥርሱን ነክሶ ጠበቀ። ምቱን ጠበቀ። ጥቅምት ላይ የሰማትን ያችን ቀጭን የአንገት ስብራት ድምፅ ጠበቀ። ምንም አልመጣም።

ዓይኑን ሲገልጥ ሣሩ ላይ ውሻው ፍሬን ሲይዝ የቦጨቀው መስመር ጫማው ድረስ ሊደርስ ምንም አልቀረውም። ቦር ጀርባውን ሰጥቶ ወደ ጌታው ይሮጣል።

ፍሪዳ ማማሰያዋን እንደያዘች ከክበቡ ቤት ወጥታ ታጨበጭባለች። "ተመለሰ! አያችሁት? ይሄ ደንቆሮ ውሻ ተመለሰ!"

ሄኒ ቦርን አስሮ እየሮጠ መጣ። ፊቱ ደም የለውም።

"አላይም ያልከው ምንድን ነው?"

"ሲዘሉብኝ ዓይኔ ይጨፈናል።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ከሪኮ ጀምሮ።"

"የፍሪዳንም ውሻ እንዲሁ ጨፍነህ ነው የተቀበልከው?"

"የእሷንም። የሁሉንም።"

"አንተ ደደብ! አንተ የማትረባ ሽማግሌ! ሁለተኛ የተጣመመ አንገት ቤቴ ልታስገባ ነበር እኮ!" ጥቅምት ላይ ያልተሰደበው ስድብ ሁሉ አሁን ወረደበት። ዲናንድ ሁሉንም ተቀበለው፤ እውነቴን ነው፣ በየስድቡ አንገቱ ቀና ይል ነበር።

ልብሱን ሰው ሳይጎትትልህ ብቻህን አታወልቀውም። ሄኒ እየተሳደበ እጅጌውን ጎተተለት፤ አንዱን፣ ከዚያ ሌላውን። ዲናንድ በላብ የራሰች ካናቴራውን ብቻ ለብሶ ቀረ።

"ለፍሪዳ ራሴ እነግራታለሁ" አለ።

"ትነግራታለህ እንጂ! ማማሰያውን ጭንቅላትህ ላይ ስትሰብረው አልገላግልህም።" ሄኒ ልብሱን ጠቅልሎ ትከሻው ላይ ጣለው። ጥቂት እንደሄደ ቆመ። "ቅዳሜ ትመጣለህ።"

"ምን ላደርግ? ከእንግዲህ እኮ አልለብሰውም።"

"ማን ልበሰው አለህ? የፈተናው ተቀባይ ከሌላ ክበብ ነው የሚመጣው። ውሻው ድምፄን የሰማው ዛሬ ገና ነው። አጥሩ ዳር የማይህ ቦታ ላይ ቁምልኝ፤ አንተን እያየሁ ልፍራና እንደ ዛሬው ልጥራው።"

ዲናንድ ሊስቅ አፉን ከፈተ፤ የመጣው ግን ልቅሶ ነበር። ሄኒ እንዳላየ ሆኖ ቦርን ሊፈታ ሄደ።