እናቴ ዛሬ የተማረችው ስፓኒሽ

ልጄ ከጠዋት ጀምሮ «ቴንጎ ሚዬዶ» እያለች ታለቅሳለች። በስፓኒሽ «ፈራሁ» ማለቷ ነው።

ለእረፍት መጥተን ወረታ አጠገብ እናቴ ቤት ነን። አጠገባችን ያለው ወንዝ ሌሊት ሞልቶ፣ ሲነጋ የፎገራ ሜዳ ባሕር ሆኗል። የሩዙ ማሳ አይታይም፤ ባጃጅም ከዋናው መንገድ አያልፍም። የቀበሌው ሰዎች ታንኳ እንልካለን ብለውናል። እስኪመጣ ሦስታችንም አልጋ ላይ ወጥተናል።

ስፔን ስገባ ቋንቋውን ቶሎ ልልመድ ብዬ ቤት ውስጥም ስፓኒሽ ብቻ አወራ ነበር። ጎበዝ ተማሪ ነኝ፤ ልጄ አንድ የአማርኛ ቃል አታውቅም!

«ምን ትላለች?» አለችኝ እማዬ።

«ርቧት ነው» አልኳት። ስትናፍቃት የኖረችው የልጅ ልጇ ቤቷን ፈራችው እንዴት ልበላት?

እማዬ ቆሎ ዘገነችላት። ልጄ እጇን ገፍታ ያንኑ ቃል ደገመችው።

«ሚዬዶ ረሃብ ነው?» ብላ እማዬ አፈጠጠችብኝ። መሸሻ አጣሁ።

«ፍርሃት ነው፣ እማዬ።»

ወደ በሩ ዞር ብላ አየች። ውኃው ደፉን አልፎ ገብቷል። ከዚያ ልጄን ወደ ራሷ አስጠጋችና የገዛ ደረቷን እየነካች «እኔም ሚዬዶ» አለቻት።

እናቴ ፈራሁ ስትል ሰምቼ አላውቅም። ልጄ ቀና ብላ አየቻት፤ ከዚያ ጉያዋ ውስጥ ገብታ ለቅሶዋን ተወች።

ታንኳው ገና አልመጣም። በሰው አገር ልጅ የምታሳድጉ፣ በእናታችሁና በልጃችሁ መካከል ሆናችሁ ሳትተረጉሙ ያስቀራችሁት ቃል አለ? ጻፉልኝ፤ ባትሪዬ እስኪያልቅ አነባለሁ።